ዱቄቱን በምን በጠበጥሽው?

ልጆቼ፣ ነጭ ጋውን በለበሳችሁ ሰሞን ሁሉም ስለ ራሳችሁ ሙያ ይነግራችኋል። እኔ ከጎናችሁ ስለሚቆመው ሰው ልንገራችሁ።

በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት የደንቢያው የወባ ወረርሽኝ ሐዘን ገና ትኩስ ነበር። ወባን ሐኪም ብቻውን አይመልሳትምና ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒቴሪያኑ በአንድ ግቢ ተማሩ፤ በቡድን ሆነውም ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ ወጡ። ዛሬ ቲቲፒ የምትሉት የቡድን ሥልጠና ከዚያ የመጣ ነው። ለመመረቅ ብቻ የሚታለፍ ጣጣ አታድርጉት።

እኔም በጤና መኮንን ተማሪነቴ ወጥቻለሁ። አንዲት እናት የስምንት ወር ልጇን ተቅማጥ ይዞት አመጣች። ኦአርኤስ ሰጠኋት፤ «አንዱን ከረጢት ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ» አልኳት፤ «እሺ» ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ብሶበት ተመለሰች፤ ውሃ ውሃ ይላል፣ ይነጫነጫል። ሌላ መድኃኒት ልጽፍ ብዕር ሳነሳ የነርስ ተማሪዋ ከእናትየው አጠገብ ቁጭ አለችና «እናቴ፣ ዱቄቱን በምን በጠበጥሽው?» አለቻት። በሻይ ብርጭቆ ነበር። ከረጢቱን ሙሉ በአንዲት ብርጭቆ! ጨውና ስኳሩ በዝቶ የልጁን ውሃ ይባስ ይመጥጠው ነበር። ቤቷ ሊትር የሚባል መለኪያ አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኋትም።

ነርሷ ባዶ የ1 ሊትር የዘይት ጠርሙስ አጥባ አመጣች፤ ራሷ በጥብጣ አሳየቻት፤ ቀጥላም እናትየዋን አስበጠበጠቻት። ልጁን ጤና ጣቢያው አቆይተን በማንኪያ እየሰጠነው ዳነ። የላብራቶሪው ልጅ ከሰገራው ጃርዲያ አገኘ። ሳኒቴሪያኑ እናትየዋን ተከትሎ ወርዶ ከብት የሚጠጣበትን ምንጭ አየ፤ ከመንደሩ ሰው ጋር ሆነን አጠርነው። በዚያ ሥራ መሪው እሱ ነበር፤ እኔ እንጨት ተሸካሚ ነበርኩ።

እስካሁን የሚቆጨኝ የመጀመሪያው ቀን ነው። ነርሷ ከእኔ ሁለት ክንድ ርቃ ተቀምጣ ነበር።

ፋርማሲስት ስለጻፋችሁት መድኃኒት ሲጠይቃችሁ እንደ ድፍረት አትቁጠሩት። የቲቢው ሪፋምፒሲን የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒንን ኃይል እንደሚያሳጣ ልብ ያልኩት አንድ የፋርማሲ ተማሪ «ይቺ ሴትዮ ክኒን ትወስዳለች ወይ?» ብሎ ሲጠይቀኝ ነው።

እናንተ ነርሶች፣ አዋላጆች፣ የላብራቶሪ ልጆች ደግሞ፣ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም አትበሉ። እኛ አገር ታላቅን ማክበር ደግ ነገር ነው፤ በዎርድ ውስጥ ግን ያያችሁትን መዋጥ አክብሮት አይሆንም። ቁጥር ይዛችሁ፣ በትሕትና፣ እዚያው ተናገሩ፦ «ዶክተር፣ ልጁ ከሌሊት ጀምሮ ትንፋሹ ፈጥኗል። አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጥሬዋለሁ፤ 62 ነው። አሁን ይዩልኝ።»