ባናውን ለብሰን ሸማኔውን ሰደብን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ወንድሞችና እኅቶች፤

በኩታበር ደጋ ያደግን ሁላችን የኅዳርን ውርጭ እናውቀዋለን። ከዚያ ብርድ ያወጣን ባና ነው። ዛሬ ከዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት ስንመለስ የፋብሪካ ብርድ ልብስ ይዘን ብንመጣም፥ ሌሊቱ ሲጠና እጃችን የሚፈልገው ያንኑ የሚኮሰኩሰውን ባና ነው።

ባና የአንድ ሰው ሥራ አይደለም። በጉ ይሸለታል፤ ጠጕሩ ታጥቦ በጣት ይፈለቀቃል፥ በደጋንም ይነደፋል። በልጅነታችን ይህ ካለቀ በኋላ እናቶቻችን እንዝርታቸውን ይዘው አንድ ቤት ይሰበሰቡ ነበር። አንዲት ሴት ብቻዋን ብትፈትል ብዙ ጊዜ ስለሚፈጅባት፥ ዛሬ ለአንቺ ነገ ለእኔ እየተባባሉ፥ ቡና እየተፈላ ይፈትላሉ። ክርስቲያኗና ሙስሊሟ ጎን ለጎን ናቸው። (የበጉ ሥጋ ይለያየናል፤ ጠጕሩ ግን አንድ እንቅብ ውስጥ ይገባ ነበር።) ብርዱ ከእኛ በሚብስበት በአይስላንድ አገርም በቀድሞ ዘመን በረጅሙ የክረምት ምሽት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ሱፍ ሲፈትልና ሹራብ ሲሠራ፥ አንዱ መጽሐፍ ያነብላቸው ነበር። የእኛ እናቶች መጽሐፍ ባይኖራቸውም፥ በመንደሩ ማን እንደ ታመመና ማን እንደ ተቸገረ የሚታወቀው እዚያ ነበር።

ፈትሉ ሲያልቅ ልቃቂቱን ወደ ሸማኔው የምናደርስ እኛ ልጆች ነበርን። እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አስገብቶ፥ ድሩን ወጥሮ፥ መወርወሪያውን ወዲያና ወዲህ ሲልክ ቆመን እናየው ነበር። ከደጁ ጥቂት ራቅ እንዳልን ግን «ቁጢት በጥ!» ብለን ጮኸን እንሮጥ ነበር። ይሰማናል። አንድም ቀን ግን ባናችንን አሳስቶ አልሠራብንም።

ማን ገሠጸን? ማንም። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛ በሥራው እንዳይሰደብ በ1900 ዓ.ም. አዋጅ አስነግረዋል፤ ይህን ስድብም በስሙ ጠርተውታል። አዋጁ መቶ ዓመት ሲያልፈው ስድቡ በእኛ አፍ ነበር።

ኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 35ን እንመልከት። ለድንኳኑ የፍየል ጠጕር የፈተሉ ጥበበኞች ሴቶች ተጽፈዋል፤ በዚያው ምዕራፍ ሽመናም እግዚአብሔር በሰው ልብ ያሳደረው ጥበብ ሆኖ ተቈጥሯል። እመቤታችንም ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል መልአኩ እንዳበሠራት አባቶቻችን ያስተምሩናል። እንዝርት በያዘችበት ሥዕሏ ፊት እየሰገድን፥ ፈትሉን ልብስ የሚያደርገውን ሰው ሰደብን! ከየትኛው መጽሐፍ ተማርነው?

ዘንድሮ በቤተ ክርስቲያናችን ደጅ ለሚያድሩ አረጋውያን ብርድ ልብስ ለመግዛት ገንዘብ እየሰበሰብን ነው። ከእኛ መካከል አንዳንዶቻችን «እናቶቻችን ይፍተሉ፤ እኚያው አባት ይሥሩት» ብለናል። ሐሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ይቅርታ ያልጠየቅነውን ሰው እንዴት ብለን ሥራልን እንለዋለን? ምጽዋታችንም በእርሱ ዝምታ ላይ የተሠራ ይሆናል።

ስለዚህ የፊታችን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፥ ልቃቂት ሳንይዝ፥ ወደ ደጃቸው እንሄዳለን። አሁን አርጅተዋል፤ ድምፃችንን ይለዩት እንደሆነ እንጃ። አብራችሁን የምትመጡ ከቅጽሩ በር አጠገብ ካለው ጽድ ሥር ጠብቁን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።