ባለቤትና ባለአደራ

የሰው ልጅ የራሱ ያልሆነውን ነገር እንደ ራሱ አድርጎ መውደድ ይችላል። በስሙ ያልተመዘገበውን ሜዳ፣ አክሲዮን ያልገዛበትን ቡድን፣ አንድ ጊዜ እንኳ እጁን ያልጨበጠውን ተወዳዳሪ «የኔ» ብሎ ይጠራል። ይህ አጠራር በሕግ ዓይን ሲታይ ዋጋ የለውም፤ በግብረ ገብ ዓይን ሲታይ ግን ክብደት አለው። ለመሆኑ አንድን ነገር ለዘመናት ወድዶ፣ ገንዘቡንና ጊዜውን ሰጥቶ ያቆመ ሰው በዚያ ነገር አመራር ላይ ምን መብት አለው? አመራሩ ሲበላሽ ጥሎ ቢሄድስ ከሃዲ ሊባል ይገባዋልን? ይህን ጥያቄ ስፒድዌይ በሚባለው የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም ምሳሌነት እንመርምረው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስፒድዌይ ለአገራችን አንባቢ እንግዳ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። አራት ተወዳዳሪዎች አፈርና ደቃቅ ጠጠር በተነጠፈበት ሞላላ መም ላይ አራት ዙር ይሽቀዳደማሉ። የሚነዱት ሞተር ብስክሌት 500 ሲሲ፣ ማርሹ አንድ ብቻ፣ ነዳጁም ሜታኖል ነው፤ ፍሬን የሚባል ነገር የለውም። ነጂው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ የኋላውን ጎማ ወደ ውጭ እያንሸራተተ፣ ብረት የተጫማ ግራ እግሩን መሬት ለመሬት እየጎተተ ያልፋል። አንዱ እሽቅድምድም አንድ ደቂቃ ያህል ቢወስድ ነው። አንደኛ የወጣው 3፣ ሁለተኛው 2፣ ሦስተኛው 1 ነጥብ ሲያገኙ የመጨረሻው ባዶ እጁን ይቀራል። ተመልካቹም እስክሪብቶውን አውጥቶ ውጤቱን በታተመው ፕሮግራም ላይ ራሱ ይመዘግባል። ይህ ትንሽ ልማድ ብዙ ነገር ይገልጻል፤ ተመልካቹ የሚያየው ብቻ ሳይሆን የሚቆጥርም፣ የሚያስታውስም፣ ለሚቀጥለው ሳምንት የሚያቆይም ምስክር ነውና።

የስፖርቱ ታሪክ በአብዛኛው የሚጀመረው ከአውስትራሊያ፣ በኒው ሳውዝ ዌልስ ከምትገኘው ከዌስት ሜይትላንድ ነው። በ1923 ጆኒ ሆስኪንስ የተባለ ሰው በአንድ የግብርና ማኅበር ትርኢት ላይ የሞተር ብስክሌት እሽቅድምድም አዘጋጀ። በየካቲት ወር 1928 በለንደን አጠገብ በኤፒንግ ጫካ፣ ሃይ ቢች በተባለ ስፍራ ውድድር ሲደረግ ሕዝቡ በአሥር ሺዎች እየሆነ ጎረፈ። በ1936 የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ በዌምብሌይ ስታዲዮም ተካሂዶ አውስትራሊያዊው ላዮነል ቫን ፕራግ አሸነፈ። በ1981 ያው ስታዲዮም የመጨረሻውን የስፒድዌይ ፍጻሜ ሲያስተናግድና አሜሪካዊው ብሩስ ፔንሃል ሲያሸንፍ የተሰበሰበው ተመልካች ከ90,000 በላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በብሪታንያ ተመልካቹ እየሳሳ፣ መሞቹም አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄዱ። ብዙ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት ምክንያት ዘመን ተለወጠ፣ ወጣቱ ሌላ መዝናኛ አገኘ የሚል ነው። ይህ ከፊል እውነት ነው። ሙሉ እውነት እንዳይባል ግን ፖላንድ ማስረጃ ትሆናለች፤ በዚያች አገር ይኸው ስፖርት፣ በይኸው ሞተር፣ በየሳምንቱ ብዙ ሺህ ሕዝብ ሲሰበስብ ኖሯልና። ስለዚህ የብሪታንያው ደጋፊ ለምን ቀዘቀዘ ብሎ መጠየቅ የሚሻለው ራሱን ደጋፊውን ነው። ደጋፊው ደግሞ የሞተሩ ድምፅ ሰለቸኝ፣ የሜታኖሉ ሽታ አስጠላኝ አይልም። ቅሬታው ሌላ ነው፤ የሚያየው ነገር የሚለውን መሆኑን መጠራጠር ጀምሯል።

ከቅሬታዎቹ አንዱ እንግዳ ተወዳዳሪ የሚባለው ደንብ ነው። አንድ ቡድን ነጂው ቢጎዳበት ከሌላ ቡድን፣ ያውም ተቀናቃኙ ከሆነ ቡድን፣ አንድ ሰው ለአንድ ምሽት ይዋሳል። ደጋፊው ባለፈው ሳምንት ያፏጨበትን ሰው ዛሬ የቡድኑን ቀለም ለብሶ ያየዋል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ደግሞ መልሶ ያፏጭበታል። ለዚህ ደንብ ምክንያት አለው፤ አጥንት በሚሰበርበት ስፖርት ቡድን ጎድሎ ቢቀርብ ውድድሩ ከንቱ ይሆናል። ሆኖም ለችግር ቀን የተፈቀደው ነገር የዘወትር ሥርዓት ሲሆን «የኛ ቡድን» የሚለው ቃል ከቀለም በስተቀር ምን ይዞ ይቀራል?

ሁለተኛው የነጥብ ጣሪያ ነው። የአንድ ቡድን ነጂዎች አማካይ ነጥብ ተደምሮ ከተወሰነ ቁጥር እንዳያልፍ የውድድር ዘመኑ ሲጀመር ገደብ ይደረግበታል። ዓላማው ሀብታሙ ቡድን ምርጦቹን ሁሉ ጠቅልሎ እንዳይወስድ ነው፤ ዓላማው መልካም ነው። ነገር ግን ውጤቱ ሲታይ፣ አንድን ጀማሪ ልጅ ኮትኩቶ ያሳደገ ቡድን ልጁ ጎብዞ አማካዩ ከፍ ሲል ጣሪያውን ያልፍና አንዱን ነጂ ለማሰናበት ይገደዳል። በሌላ አነጋገር፣ ማሳደግ ያስቀጣል። ልጁ በወደቀ ቁጥር ያዘነ፣ በተነሣ ቁጥር ያጨበጨበ ደጋፊ የድካሙ ፍሬ ሲበስል ወደ ሌላ ጓሮ ሲወሰድ ይመለከታል።

ሦስተኛው፣ ለዓመታት ሲሠራበት የነበረው የእጥፍ ነጥብ ስልት ነው። በሰፊ ልዩነት የተመራ ቡድን አንዱን ነጂ ጥቁርና ነጭ የራስ ቁር አልብሶ ካሰለፈ፣ ያ ነጂ የሚያገኘው ነጥብ በእጥፍ ይቆጠርለት ነበር። አዘጋጆቹ ይህን ያደረጉት ውድድሩ እስከ መጨረሻ ድረስ እንዲያጓጓ ብለው ነው። ይሁን እንጂ ሦስት ሦስት መሆኑ ቀርቶ ስድስት የሚሆንበት ሒሳብ፣ በእስክሪብቶው ነጥብ ሲመዘግብ ለኖረው ደጋፊ መዝገቡን የሚያፋልስ ነበር። ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይላል ያገራችን ሰው። ነጥቡን አውጪው ራሱ ካቀለለው፣ ተመልካቹ አክብሮ ይቀበለው ዘንድ እንዴት ይጠየቃል?

እነዚህ ደንቦች እያንዳንዳቸው ምክንያት ሊቀርብላቸው ይችላል። የቅሬታው ሥር ግን ከደንቦቹ በስተጀርባ ነው። በብሪታንያ የበላይ ተቆጣጣሪ ቢሮ ቢኖርም የሊጎቹን የየዓመት አካሄድ ሲወስኑ የኖሩት በማኅበር የተደራጁት የውድድር አዘጋጆች፣ ማለትም የቡድኖቹ ባለቤቶች ናቸው። በየክረምቱ ተሰብስበው ሊጉ እንዴት እንደሚዋቀር፣ ጣሪያው ስንት እንደሚሆን፣ ማን ስንት ቡድን ውስጥ መንዳት እንደሚችል ይመክራሉ። በጉዳዩ የሚጠቀመው ሰው ራሱ ሕግ አውጪ በሆነበት ስፍራ ውሳኔው ትክክል ቢሆን እንኳ ከጥርጣሬ አያመልጥም። ጥርጣሬ ደግሞ የውድድርን ሥጋ ሳይነካ ነፍሱን ይወስዳል።

ችግሩ የገንዘብ እጦት ብቻ እንዳይመስለን ገንዘብ ወዳለበት ወደ ፖላንድ እንመለስ። በመስከረም 2013 የፖላንድ ከፍተኛ ሊግ የፍጻሜ ሁለተኛ ግጥሚያ በዚየሎና ጉራ ከተማ ሊካሄድ ቀጠሮ ተይዟል፤ ሕዝቡም ስታዲዮሙን ሞልቷል። የቶሩን ቡድን ግን ዋና ዋና ነጂዎቹ ተጎድተውበት ስለነበር አልወዳደርም አለ። ከነዚህም አንዱ ቶማሽ ጎሎብ በዋዜማው በስቶክሆልም ወድቆ የተጎዳ ነበር። ሻምፒዮናው ለባለሜዳው ቡድን በ40 ለ0 ተሰጠ፤ ቶሩንም ለሚቀጥለው ዘመን የነጥብ ቅጣት ተጣለበት። ነጂዎቹ በእውነት ተጎድተው ነበር፤ ዋንጫው ግን በወረቀት ተሰጠ፤ በመቀመጫው ላይ የነበረው ሕዝብ በክርክሩ ውስጥ ድምፅ አልነበረውም።

ሌላም ምሳሌ አለ። በሚያዝያ 2015 የዓለም ግራንድ ፕሪ ውድድር በዋርሶው ብሔራዊ ስታዲዮም ተዘጋጀ። ምሽቱ የ2010 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ጎሎብ ከግራንድ ፕሪ የሚሰናበትበት ስለነበር ከ50,000 በላይ ሕዝብ መጣ። ለአንድ ምሽት የተነጠፈው መም ተበላሸ፤ የመነሻው መሣሪያም አልሠራ አለ፤ ከ12 እሽቅድምድም በኋላ ውድድሩ ተቋርጦ የስሎቬንያው ማቴይ ዣጋር አሸናፊ ተባለ። መሣሪያ መበላሸቱ ለማንም የሚደርስ ነው። ሕዝቡን ያስቆጣው ግን የስፖርቱ አስተዳዳሪዎች ከሁሉ የሚቀድመውን ነገር፣ መሬቱን፣ ሳያደላድሉ ትርኢቱን መሸጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ለአዘጋጆቹም ፍትሕ መስጠት ይገባል። በብሪታንያ ብዙዎቹ ስፒድዌይን ሲያካሂዱ የኖሩት በኪራይ መሬት፣ ብዙ ጊዜም የውሻ እሽቅድምድም በሚካሄድበት ስታዲዮም ነው። ዝናብ ከጣለ ውድድሩ ይሰረዛል፤ ወጪው ግን አይሰረዝም። የዎልቨርሃምፕተን ቡድን ከ2023 በኋላ ሜዳውን ያጣው የስታዲዮሙ ባለቤት ውሉን ስላላደሰለት ነው እንጂ ደጋፊ አጥቶ አልነበረም። የራሱን ጥሪት በዚህ ስፖርት ያሟጠጠ አዘጋጅም አይታጣም። እንግዲህ ጥያቄው እነዚህ ሰዎች ክፉ ናቸው ወይስ ደጎች የሚል አይደለም። ጥያቄው በእጃቸው የያዙት ነገር ምን ዓይነት ነው የሚል ነው።

አንዳንዱ ሰው ነገሩ ተራ ንግድ ነው ይላል፤ ዕቃው ካልጣመህ አትግዛ። ይህ አባባል ለሳሙና ይሠራል። ሳሙና የሚለውጥ ሰው ከራሱ የሚያጣው ነገር የለም። የቡድን ደጋፊ ግን ልጅነቱን፣ ከአባቱ ጋር የቆመበትን አጥር፣ በፕሮግራም ገጾች ላይ የሰበሰበውን የሃያና የሠላሳ ዓመት መዝገብ ወደ ሌላ ሱቅ ይዞ ሊሄድ አይችልም። ከዚህም በላይ፣ ገዢው ሳሙናውን አልሠራውም፤ ደጋፊው ግን ውድድሩን ከሚሠሩት አንዱ ነው። አራት ሰዎች በባዶ ስታዲዮም ውስጥ ቢሽቀዳደሙ ልምምድ ይባላል። ልምምዱን ውድድር፣ ነጥቡንም ክብር የሚያደርገው የሚመሰክረው ሕዝብ ነው።

ስለሆነም አዘጋጁ የኪራዩ ውል፣ የፈቃዱ ወረቀትና የገቢው ሣጥን ባለቤት ቢሆንም፣ በሕዝቡ እምነት ለተሠራው ክብር ግን ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም። የአደራ ሕግ በኛ ዘንድ የታወቀ ነው። አደራ ተቀባይ ንብረቱን ቢገለገልበት አይነቀፍ ይሆናል፤ ቢበላው ግን ስሙ ሌላ ነው። አስቀማጩ በመጣ ጊዜም «ምን አገባህ?» ሊለው አይችልም። አሳይ ሲባል ማሳየት፣ ቁጠር ሲባል መቁጠር ግዴታው ነው። የደጋፊው ቅሬታ እንግዲህ የአስቀማጭ ጥያቄ ነው፤ እንደ ልመና ወይም እንደ ስድብ ሊታይ አይገባውም።

ኢኮኖሚስቱ አልበርት ሂርሽማን በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ ተቋም ሲበላሽ ሰው ሁለት መንገድ እንዳለው ገልጿል፤ አንዱ መውጣት፣ ሌላው መናገር። ታማኝነት መውጣቱን ስለሚያዘገይ ለመናገር ጊዜ ይሰጣል። በዚህ ላይ ሦስተኛ ሁኔታ መጨመር ያስፈልጋል። ሰውየው አይወጣም፣ አይናገርምም፤ በልማድ መጥቶ ቦታው ላይ ይቀመጣል፤ እስክሪብቶውን ግን ትቶታል። አዘጋጁ የዚህን ሰው የመግቢያ ገንዘብ ቆጥሮ ሁሉ ደኅና ነው ይላል። ከሚጮኸው ይልቅ ሊያስፈራው የሚገባ ይህ ሰው ነበር፤ የሚጮኸው ገና ያምናልና።

ደጋፊውም ከግዴታ ነጻ አይደለም። እንግዳ ተወዳዳሪ ለተቀናቃኙ ሲመጣ ደንቡን የሚያወግዝ፣ ለራሱ ቡድን ሲመጣ ግን የሚያጨበጭብ ሰው ስለ እውነት ሳይሆን ስለ ጥቅም ነው የሚሟገተው። አስቀማጭነቱን ማስከበር የሚችለው፣ በሚጠቅመው ምሽትም ያንኑ ጥያቄ ሲያነሣ ነው። ከመውጣቱ በፊትም መናገር ይገባዋል፤ ለምን እንደሄደ ሳይናገር የሄደ ሰው ለሚቀሩት የተወላቸው ባዶ መቀመጫ ብቻ ነው።

የኮቨንትሪ ደጋፊዎች ያደረጉትን ማየት ይጠቅማል። ብራንደን በሚባለው ስታዲዮማቸው ከ1928 ጀምሮ ስፒድዌይ ይታወቅ ነበር፤ በ2016 መጨረሻ ግን ቆመ፤ መሬቱም ለመኖሪያ ቤቶች ታሰበ። ደጋፊዎቹ ተደራጁ፤ ሰነድ አሰባሰቡ፤ በየስብሰባው ቀርበው ተከራከሩ። በ2022 የአካባቢው ምክር ቤት የቤቶቹን ዕቅድ ውድቅ አደረገው። ውሳኔው ሞተሮቹን መልሶ አላስነሣም፤ ነገር ግን ሜዳው የባለ ወረቀቱ ብቻ እንዳልሆነ በአደባባይ ተመዘገበ። በኦክስፎርድ ደግሞ በ2007 የተዘጋው መም በ2022 እንደገና ተከፍቷል። በነዚያ 15 ዓመታት ውስጥ ቡድኑ የነበረው በደጋፊዎቹ ትዝታ ውስጥ ነበር፤ ትዝታው ባይኖር የሚከፈት ነገር ባልኖረ።

ከዚህ ተነሥተን የመጀመሪያውን ጥያቄ መመለስ እንችላለን። ታማኝነት የሚከፈለው ለነገሩና በነገሩ ውስጥ ላለው እውነት ነው እንጂ ነገሩን ለጊዜው ለያዘው ሰው አይደለም። ስለዚህ አመራሩ እውነቱን ሲያጎድል የሚቃወም ደጋፊ ታማኝነቱን አላጓደለም። ተናግሮ፣ ተሟግቶ፣ ሰሚ አጥቶ የሄደውም ከሃዲ አይባልም፤ አደራው ሳይመለስለት የሄደ ሰው ነው። ይህ ለስፒድዌይ ብቻ የሚነገር አይደለም። የቲያትር ቤት ኃላፊ፣ የሙዚቃ ጓድ መሪ፣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር፣ ይህን መጽሔት የሚያዘጋጁትም ጭምር፣ አዳራሹ መሙላቱን ከመቁጠራቸው በፊት የመጣው ሰው አሁንም እስክሪብቶውን እንደያዘ መሆኑን ቢመለከቱ መልካም ነው።