ስለ ትንቢትና ስለ ተስፋ

በአገራችን ክፉ ነገር በታየ ቍጥር ከሽማግሌም ከወጣትም አፍ የማይጠፋ አንድ አባባል አለ፤ እርሱም «ስምንተኛው ሺህ» የሚለው ነው። ልጅ አባቱን ቢሰድብ፥ ዝናብ ቢጠፋ፥ ወንድም በወንድሙ ላይ ቢነሣ፥ «ምን ይደረግ፥ ስምንተኛው ሺህ ነው» ይባላል። ይህን የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ቃሉን ተናግሮ ሲያበቃ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፤ ዘመኑ ካለቀ ሥራ ምን ይረባል ብሎ ነው። ወጣቶች ሆይ፥ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለዚህ እጅ ማጣጠፍ ነው።

የአገራችን ሊቃውንት ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ያለውን ዘመን 5,500 ዓመት አድርገው ይቈጥሩታል። በዚህ ቍጥር ሰባተኛው ሺህ የተፈጸመው በ1500 ዓ.ም. ነው። አፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ እንዳያዩ እግዚአብሔርን ይለምኑ ነበር፥ በዚያው በ1500 ዓ.ም.ም ዐረፉ ተብሎ ይተረካል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ ሆኖታል ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን «ጊዜው አልቋል» ብለው ማሳቸውን ጦም ያሳደሩ ሰዎች ምን እንደ ተረፋቸው አናውቅም፤ ሳይታክቱ ያረሱትና ልጅ ያሳደጉት ግን እኛን አትርፈዋል። ይህም የእኛ ብቻ ጠባይ አይደለም። በአሜሪካ ዊልያም ሚለር የተባለ ሰባኪ የዳንኤልን ትንቢት አስልቶ የጌታ መምጫ ደርሷል ቢል፥ ተከታዮቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 እ.ኤ.አ. ነው ብለው ቈርጠው ጠበቁ። አንዳንዶቹም ሰብላቸውን ሳይሰበስቡ ቀሩ። ያ ቀን ግን እንደ ማንኛውም ቀን መሸ፤ ነጋም።

እኔም ከእነዚህ ሰዎች የተሻልሁ አልነበርሁም። በነሐሴ 1998 ዓ.ም. በደጋው የጣለው ከባድ ዝናብ የኦሞን ወንዝ ሞልቶ አስወጣውና፥ በታችኛው ኦሞ ከ360 የሚበልጡ ሰዎችና በሺህ የሚቈጠሩ ከብቶች አለቁ። ከጥቂት ቀን በፊት የድሬዳዋ ጎርፍ ብዙ ሰው ጨርሶ ስለ ነበር አገሩ ሁሉ ደንግጦ ነበር። በመስከረም ትምህርት ሲከፈት በጂንካ ከማስተምራቸው ልጆች አንዱ፥ ከወንዙ ዳር የመጣና ቤተ ሰቡን ውሃ የወሰደበት፥ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ «ጋሼ፥ መጽሐፍ የሚለው መጨረሻ ይሄ ነው እንዴ?» ሲል ጠየቀኝ።

እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ነኝና የትንቢት ምዕራፎችን በቃሌ አውቃቸው ነበር። ዐዋቂ መስዬ ለመታየት ፈልጌ ኖሮ፥ ዳንኤልንና የማቴዎስን 24ኛ ምዕራፍ እየጠቀስሁ፥ አዎን፥ ምልክቱ ሁሉ ተፈጽሟል፥ ቀኑ በደጅ ነው አልሁት። ያጽናናሁት መስሎኝ ነበር። በሚቀጥለው ሰኞ ወንበሩ ባዶ ሆነ። ደብተሮቹን ለጓደኛው ሰጥቶ፥ «ጋሼ ራሳቸው ጊዜ የለም ብለዋል፤ ታዲያ ለምን እማራለሁ?» ብሎ እንደ ሄደ ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በጋዛ መንገድ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብብ ነበር፤ ማንበቡን ቢያውቅም ትርጓሜውን የሚመራው ሰው እንዲያሻው አልሸሸገም። እኔ ግን መሪ እንደሚያስፈልገኝ እንኳ አላወቅሁም ነበር። ኤርምያስን እንደ አዲስ ያነበብሁት ያ ልጅ ከሄደ በኋላ ነው።

የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር ከይሁዳ ሰዎች ብዙዎቹን ማርኮ በወሰደ ጊዜ፥ ሐናንያ የሚባል ነቢይ ምርኮኞቹ በሁለት ዓመት ውስጥ ይመለሳሉ ብሎ ተናገረ። ኤርምያስ ግን ዘመኑ ሰባ ዓመት ነው አለ፤ ለምርኮኞቹም ደብዳቤ ልኮ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ እንዲያገቡና እንዲወልዱ፥ ተማርከው ለሚኖሩባትም ከተማ ሰላም እንዲጸልዩ አዘዛቸው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ተስፋ ሰጥተዋል። የሐናንያ ተስፋ ሰውን ጓዙን አስጠቅልሎ በደጅ የሚያስቀምጥ ነው፤ የኤርምያስ ተስፋ ግን ዶማ የሚያስጨብጥ ነው። ዛሬም ብዙ ሰው «እግዚአብሔር እንዲህ ይላል» እያለ ሲናገር ስትሰሙ፥ የተናጋሪውን አፍ ሳይሆን የሰሚውን እጅ ተመልከቱ።

ኋላም ኢየሩሳሌም ተከብባ ልትወድቅ ስትል፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ዓመት ግድም፥ ኤርምያስ ታስሮ ሳለ የአጎቱ ልጅ አናምኤል በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ ብሎ መጣ። የጠላት ጦር የሰፈረበትን አገር መሬት ማን ይገዛል? ኤርምያስ ግን 17 ሰቅል ብር መዝኖ ከፈለ፤ ምስክሮች አቆመ፤ የውሉንም ጽሑፍ ብዙ ዘመን እንዲቈይ በሸክላ ዕቃ አስቀመጠው። በዚያ እርሻ ላይ እርሱ አንዲት ፈር ማውጣቱ አልተጻፈም። የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ የፈቀደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ538 ዓመት ነውና፥ በመካከሉ ሃምሳ ዓመት ያህል አልፏል። ትንቢት ለኤርምያስ የቀን መቍጠሪያ አልነበረም፤ ለማያየው ቀን ገንዘብ የሚያስከፍል እምነት ነበር እንጂ።

እንዲህ ያለውን እምነት ለማየት ሩቅ መሄድ አያሻንም። ወንጌልን ወደ አሪ አገር በእግራቸው ካደረሱት መካከል የወላይታ ወንጌላውያን ነበሩ። ጣሊያን አገራችንን በያዘ ጊዜ ሚሲዮናውያኑ ከወላይታ ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች መቶ እንኳ አይሞሉም ነበር፤ ከጠላት መባረር በኋላ ሲመለሱ ግን ወደ 10,000 የሚገመቱ ሆነው አገኟቸው። እነዚያ ጥቂቶች መምህሮቻቸው ይመለሱ እንደ ሆነ አያውቁም ነበር፤ ቢሆንም ዘሩ። የታችኛው ኦሞ ሕዝቦችም ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው ጭቃ ላይ ማሽላ ይዘሩ ነበር። በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ከተሠራ ወዲህ የወንዙ ጠባይ ተለውጦ ይህ አዘራር እንደ ቀድሞው መሆኑ ቀርቷል፤ ትምህርቱ ግን አልቀረም። ጎርፍ የሚያስፈራው ሰው፥ ጎርፉ በተወው ጭቃ ላይ ዘር ይጥል ነበር።

ምናልባት ከእናንተ አንዱ፥ «እናቱን ውሃ ለወሰደበት ልጅ ስለ ሃምሳና ስለ ሰባ ዓመት ማውራት ምን ይጠቅመዋል?» ይለኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ብቻውን አይጠቅመውም። ለዚህም መልሱ በዚያው በኤርምያስ መጽሐፍ አለ። ነቢዩን ጠላቶቹ ጭቃ ባለበት ጕድጓድ ጥለውት ሳለ ያወጣው አቤሜሌክ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነው። ንጉሡን ሴዴቅያስን አስፈቅዶ፥ ሠላሳ ሰዎች ይዞ ሄደ። ገመዱን ከማውረዱ በፊት ግን አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለትና፥ ገመዱ እንዳይቈርጥህ በብብትህ ሥር አድርገው አለው። ኋላም አቤሜሌክ ራሱ ከጥፋት እንደሚድን ትንቢት ተነገረለት። አያችሁን? በጕድጓድ ላለ ሰው ከላይ ሆኖ ስለ ዘመናት ማስተማር አይበቃም፤ ገመድ ያሻዋል፤ ከገመዱም ጋር ጨርቅ ያሻዋል። እኔ ለዚያ ልጅ ጨርቁንም ገመዱንም አላወረድሁለትም።

ዛሬ ያ ልጅ በደጄ ቢቆም፥ አስቀድሜ ማታ የት እንደሚያድርና እራቱን ማን እንደሚሰጠው እጠይቀው ነበር። የሞቱበትን ሰዎች ስም በየተራ እንዲነግረኝ እለምነውና ዝም ብዬ እሰማው ነበር። ከዚያ በኋላ፥ ቀኑን ጌታችን ማንም አያውቀውም ብሏልና እኔም አላውቀውም፤ ነገር ግን ሞትን ያሸነፈው ጌታ የጀመረውን ሳይፈጽም አይተውምና ነገ ደብተርህን ይዘህ ና፥ እለው ነበር።

እናንተም «ስምንተኛው ሺህ ነው» የሚላችሁ ሰው ስታገኙ አትከራከሩት። ምን እንደ ደረሰበት ጠይቁት፤ የምትረዱት ነገር ካለ እርዱት፤ ከዚያም ወደ ሥራችሁ ተመለሱ። ያ ልጅ በሕይወት ካለ ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ ምናልባትም የራሱ ልጆች ይኖሩታል። ይህ ጽሑፍ ከእጁ ቢገባ፥ ያን ቀን የነገርሁትን ትቶ ልጆቹን እንዲያስተምር እለምነዋለሁ።