በሽታውን የደበቀ አጋዘን

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። ሆዱን እየቆረጠው «ደህና ነኝ» ለሚል አባወራ፣ ዕዳውን ከሚስቱ ለሚሸሽግ ነጋዴ፣ የከፋትን ከእናቷ ለምትደብቅ ልጃገረድ ይነገራል። ብሂሉ አጭር ነው፤ ግን ሦስት ነገሮች እንደተሟሉ አድርጎ ይነሣል። የታመመው ሕመሙን መናገር ይችላል፤ መድኃኒቱ የሆነ ቦታ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፤ መናገሩም አይጎዳውም። ሦስቱ ባሉበት ቦታ ምክሩ እውነት ነው። ሦስቱም በአንድ ጊዜ ሊጎድሉ የሚችሉበት ሙያ ግን አለ፤ አጋዘን ማርባት።

አጋዘንን እንደ ከብት አጥሮ በማርባት ከሚታወቁ አገሮች ግንባር ቀደሟ ኒውዚላንድ ናት። ቀይ አጋዘን ለአገሩ እንግዳ ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን ሰፋሪዎች ለአደን ብለው ከብሪታንያ አመጡት። የሚያድነው አውሬ ስላልነበረ ተራባ፤ ደኑንና ተራራውን እየጋጠ አራቆተው። መንግሥትም እንደ ተባይ ቆጥሮ በቅጥር አዳኞች ያስገድለው ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1969 እርባታው በሕግ ሲፈቀድ ነገሩ ተገለበጠ፤ ከሄሊኮፕተር ይተኮስበት የነበረው እንስሳ መረብ እየተጣለበት በሕይወት ይያዝ ጀመር።

የመጀመሪያው ትምህርት መራራ ነበር። ከተያዙት መካከል ብዙዎቹ ይህ ነው የሚባል ቁስል ሳይታይባቸው ሞቱ። ድንጋጤና ሩጫ ጡንቻቸውን ከውስጥ ያፈርሰዋል፤ ከፈረሰው ጡንቻ የሚወጣው ነገር ደግሞ ኩላሊታቸውን ይዘጋዋል። እንዲህ የተጎዳ አጋዘን በእግሩ ሲሄድ ታይቶ ከቀናት በኋላ ወድቆ ሊገኝ ይችላል።

ምክንያቱ ከተፈጥሮው ይነሣል። አጋዘን ታዳኝ ነው፤ ተኩላ ከመንጋ መሐል መርጦ የሚያሳድደው ያነከሰውንና ወደ ኋላ የቀረውን ነው። ስለዚህ ሕመሙን ውጦ ከጓደኞቹ እኩል መራመድ ለአጋዘን የመዳኛ ብልሃት ነው። ሰው ወደ አጥሩ ሲቀርብ የታመመውም እንደ ጤነኛው አንገቱን አቅንቶ፣ ጆሮውን ቀስሮ ይቆማል። ይህን የሚያውቅ አርቢ ጠዋት ጠዋት መንጋውን የሚያየው ከሩቅ ቆሞ፣ እንስሳቱ ልብ ሳይሉት ነው። መኖ ሲፈስስ መጨረሻ የደረሰችው የትኛዋ ናት? የማን ጆሮ ወረደ? የማን ፀጉር ቆመ? ሌሎቹ ተኝተው ሲያመሰኩ ብቻዋን ወደ አጥሩ ጥግ የሄደችው ማን ናት? ብሂሉ ታማሚውን «ተናገር» ይለዋል። እዚህ ግን መናገር የማይችለውን ወክሎ ሕመሙን የሚገልጠው የጠባቂው ዓይን ነው።

ዓይኑም መሳሳቱ አይቀርም። የወለደች አጋዘን ግልገሏን ረጅም ሣር ውስጥ አስተኝታ ራቅ ብላ ትግጣለች፤ እየተመለሰች ታጠባታለች። ግልገሊቱ ድምፅ ሳታሰማ፣ ሳትንቀሳቀስ ትጠብቃለች። ጀማሪ አርቢ ይህን ሲያይ «እናቷ ጥላታለች» ብሎ ያነሣታል፤ ጤነኛ የነበረችውን ከእናቷ ይለያታል። የተደበቀ ሁሉ የታመመ አይደለምና አርቢው መቼ እጁን መሰብሰብ እንዳለበትም መማር አለበት።

ብሂሉ በትክክል የሚሠራበት በሽታ አለ፤ የርሲኒዮሲስ ይባላል። አምጪው ባክቴሪያ በወፎች፣ በአይጦችና በሌሎች እንስሳት ሆድ ውስጥ ይኖራል፤ ብዙ አጋዘኖችም ሳይታመሙ ይሸከሙታል። ገና ጡት የጣሉት ግልገሎች የመጀመሪያ ክረምታቸው ላይ ሲደርሱ፣ ብርድና ዝናብ ሲበረታ፣ ወይም በመኪና ተጭነው ሲጉላሉ ይነሣባቸዋል። ምልክቱ ከጅራት ሥር ነው፤ አረንጓዴ ተቅማጥ የኋላ እግርን ያጨቀያል፣ ቆይቶ ደም ይቀላቅላል። በዚያን ጊዜ ፈጥኖ ያየ አርቢ በአንቲባዮቲክና በፈሳሽ አንዳንዱን ያተርፋል፤ አንድ ቀን ያሳለፈ ሬሳ ይቆጥራል። ዋናው መፍትሔ የተገኘው በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በደነዲን ከተማ አቅራቢያ በሚገኘው የኢንቨርሜይ የምርምር ማዕከል ነው። እዚያ የተሠራው ክትባት ከክረምት በፊት በሳምንታት ልዩነት ሁለት ጊዜ ይሰጣል። መድኃኒቱ የደረሰው ታማሚው ሳይታመም፣ የሚደብቀውም ነገር ሳይኖረው ነው።

ስብራት ግን ከማንም አይደበቅም። የአጋዘን እግር ቀጭን ነው፤ ደንግጦ ከአጥር ጋር ሲላተም በቀላሉ ይሰበራል። በሬ ሲሰበር ወጌሻ ይጠራለት ይሆናል። አጋዘን ግን መታሰርን፣ ከመንጋው ተለይቶ መዘጋትን፣ የሰው እጅን አይችልም፤ ሕክምናው ራሱ ሌላ ሥቃይ ይሆንበታል። እግሩ ክፉኛ ለተሰበረ አጋዘን አብዛኛውን ጊዜ የሚቀረው ምሕረት ሥቃዩን በፍጥነት ማሳጠር ነው፤ ይህንንም ውሳኔ አርቢው እዚያው ቆሞ መወሰን አለበት። ስለዚህ ጥበቡ ሁሉ ወደ ቅድመ ጥንቃቄ ያዘነብላል። የመያዣው በረት ግድግዳ ረጅምና ድፍን ይደረጋል፤ ሠራተኞች ጩኸት ይቀንሳሉ። ወንዶቹ በኒውዚላንድ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ለእንስቶች ሲዋጉ እንዳይወጋጉ ቀንዳቸው አስቀድሞ ይቆረጣል። ገና በማደግ ላይ ያለውን ለስላሳ ቀንድ ለመቁረጥ ደግሞ ማደንዘዣ መስጠት በሕግ ግዴታ ነው፤ ቆራጩም የእንስሳት ሐኪም ወይም የምስክር ወረቀት ያለው አርቢ መሆን አለበት።

ከዚህ በኋላ ብሂሉ መንገዳገድ ይጀምራል። በግ በሰውነቱ ይዞት የሚኖር አንድ ቫይረስ አለ፤ በጉን ምንም አያደርገውም። ያው ቫይረስ ወደ ቀይ አጋዘን ሲሻገር ግን ትኩሳት ያመጣል፣ ዓይኑን ያጠፋዋል፣ በብዛትም ይገድለዋል። ክትባትም ፈዋሽ መድኃኒትም የለውም። እዚህ ማን ደበቀ ይባላል? በጉ አልታመመም፤ አጋዘኑ ከየት እንደመጣበት አያውቅም። አርቢው ማድረግ የሚችለው በግና አጋዘንን አራርቆ ማኖር ብቻ ነው።

ብሂሉን ከሁሉ በላይ የሚፈትነው በሽታ የታወቀው በሰሜን አሜሪካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ በአንድ የምርምር ጣቢያ የተያዙ አጋዘኖች እየከሱ፣ ምራቃቸው እየተዝረበረበ ሞቱ። በሽታው አንጎልን እንደ ስፖንጅ የሚበሳሳ መሆኑን በ1978 የለየችው ኤልሳቤጥ ዊሊያምስ የተባለች የእንስሳት ሐኪም ናት። አምጪው ፕሪዮን የሚባል የተበላሸ ፕሮቲን ነው። እንስሳው ከአንድ ዓመት በላይ ጤነኛ መስሎ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ ግን በምራቁ፣ በሽንቱና በፋንድያው ለሌሎች ያስተላልፋል። ፕሪዮኑ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። በሽታው ዛሬ ከ30 በላይ በሆኑ የአሜሪካ ግዛቶች ተገኝቷል። የእርግጠኝነት ምርመራው የሚደረገው ከሞት በኋላ፣ ከአንጎል ግንድና ከጉሮሮ እጢዎች በሚወሰድ ናሙና ነው።

እንዲህ ላለው በሽታ መግለጥ ምን ይጠቅማል? ለሞተው ምንም። ለጎረቤት መንጋና ለዱሩ አጋዘን ግን ብዙ ይጠቅማል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በሚያካሂደው የፈቃደኝነት መርሐ ግብር የታቀፈ አርቢ ዕድሜው 12 ወር የሞላው እንስሳ ሲሞትበት ማሳወቅና ማስመርመር አለበት። አምስት ዓመት ንጹሕ ሆኖ የዘለቀ መንጋ የምስክር ወረቀት ያገኛል። ችግሩ በሽታው ሲገኝ ነው። እርባታው ይዘጋል፣ ንግዱ ይቆማል፤ ብዙ ጊዜም መንጋው በሙሉ ይወገዳል። መንግሥት ለሚያስወግደው እንስሳ ካሳ የሚከፍልበት ደንብ አለ፤ እስከ ግምቱ 95 በመቶ፣ ለአንድ እንስሳ ግን ከ3,000 ዶላር የማይበልጥ። ለዓመታት ዘር መርጦ ያሻሻለ ሰው የሚያጣው ከዚህ በላይ ሊሆን ይችላል። ታዲያ «አትደብቅ» የሚለው ምክር ለእሱ «ቤትህን በገዛ እጅህ አፍርስ» እንደ ማለት ሆኖ ቢሰማው አይፈረድበትም።

ኢትዮጵያውያን ይህን ፍርሃት በሌላ በኩል ያውቁታል። በኤች አይ ቪ የመጀመሪያ ዓመታት ብዙ ሰው ሳይመረመር የቀረው ስንፍና ይዞት አይደለም፤ ውጤቱ የሚያመጣው መገለል ብቻ፣ መድኃኒቱም እጁ የማይገባ ስለነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር ለመመርመር ምክንያት ተገኘ።

የከብት ደስታ ታሪክም ወደዚሁ ያመራል። በክፉ ቀን ዘመን የአገሩን ከብት ጠራርጎ ከጨረሰ በኋላ በሽታው ለመቶ ዓመት ያህል ከኢትዮጵያ አልጠፋም ነበር። በአፋር በመጨረሻ የተገታው ማኅበረሰቡ ራሱ የመረጣቸው የከብት ጤና ሠራተኞች ሙቀት የማያበላሸውን ክትባት ይዘው እስከ ግጦሹ ድረስ ሲሄዱ ነው። የአገሩ የመጨረሻ ወረርሽኝ እ.ኤ.አ. በ1995 ታየ፤ በ2011 ዓለም ሁሉ ከበሽታው ነፃ መሆኑ ታወጀ። አርብቶ አደሩ በሽታውን በስሙና በምልክቱ ያውቀው ነበር፤ ክትባት ይዞ ወደሚመጣ፣ ቋንቋውን ወደሚያውቅ ሰው ደግሞ ወሬውን ለማድረስ የሚያግደው አልነበረም። እንግዲህ ብሂሉ ቅደም ተከተሉን ገልብጦታል ማለት ይቻላል። ሰው መጀመሪያ ገልጦ ከዚያ መድኃኒት አይፈልግም፤ መድኃኒት ወይም ቢያንስ ደጋፊ መኖሩን ሲያይ ነው የሚገልጠው።

የአጋዘን አርቢውን የራሱን ኀዘን መመልከት የሚገባውም በዚህ ዓይን ነው። በኢትዮጵያ ገጠር አንዳንድ ቦታ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለበሬም እድር አለ፤ በሬ የሞተበት ሰው ከአባላቱ መዋጮ ያገኛል፣ ጉዳቱም የመንደሩ ጉዳት ይሆናል። ከጎረቤት በኪሎሜትሮች ርቆ የሚኖር የኒውዚላንድ አርቢ ግን በአንድ ክረምት ግልገሎቹን ሲያጣ «አጋዘን ነው እንጂ ሰው አይደለም» ብሎ እንባውን ይውጣል። እንስሳውን ያወቀው ከእናቱ ሆድ ሲወጣ ጀምሮ ነው፤ ሥቃዩን ያሳጠረውም ራሱ ነው። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ወደ በረቱ መሄድ መጥላቱን ለማንም ሳይናገር ሊከርም ይችላል። እሱ ግን ከአጋዘኑ በተለየ አንደበት አለው፤ የሚሰማውም አለ። በአገሪቱ የተለያዩ ክልሎች የሚሠሩት የገጠር ድጋፍ ማኅበራት ከገበሬው መሐል የወጡ ሰዎችን ያሰማራሉ፤ አገልግሎታቸው ነፃ ነው፣ ምሥጢርም ይጠብቃሉ። ስልክ የደወለውን አርቢ እቤቱ ድረስ ሄደው ያነጋግሩታል፤ እንደ ችግሩም ከሐኪም፣ ከገንዘብ አማካሪ ወይም መኖ ከሚያገኝበት ሰው ጋር ያገናኙታል።