ቋንቋ የማን ዕዳ ነው?

ሰው አገሩን ለቆ ሲወጣ ቤቱንና መሬቱን ጥሎ ይሄዳል፤ ቋንቋውን ግን ይዞ ይወጣል። ለመሆኑ ይህን ለልጁ የማውረስ ግዴታ አለበትን? ልጁስ የመቀበል ግዴታ አለበትን? የሌላው ነገር ከራስ ይልቅ ጎልቶ ይታያልና፣ ጥያቄውን በካሽሚር ሕዝብ ቋንቋ ላይ እንመርምረው።

ካሽሚርኛ በሂማላያ ተራሮች መካከል ባለ ሸለቆ የሚነገር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ቆጠራ ከ6.5 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች አፍ መፍቻችን ነው ብለዋል። በ14ኛው መቶ ዓመት ላል ደድ የተባሉ ባሕታዊት፣ ከእርሳቸውም በኋላ ሼክ ኑሩዲን፣ በዚሁ የተራው ሕዝብ ቋንቋ ገጠሙ። ሁለቱንም ሂንዱውም ሙስሊሙም ያከብራቸዋል። ሂንዱው በሻራዳና በዴቫናጋሪ፣ ሙስሊሙ በዐረብ ፊደል ይጽፍ እንጂ ቃሉ አንድ ነበር። ግሪርሰን የተባለው ምሁር የላል ደድን ግጥም በጽሑፍ ቢያስፈልግ አጥጋቢ ቅጂ ስለታጣ፣ ጉሽ በምትባል መንደር ከአባቶቹ በቃል ከተቀበለ አንድ ሽማግሌ አፍ ተጻፈ፤ በ1920ም ታተመ። ብራና በሚገባ ያላቆየውን አፍ አቆየው።

በ1990 በሸለቆው አመፅና ግድያ በበረታ ጊዜ ፓንዲት የሚባሉት ሂንዱዎች አብዛኞቹ ተሰደው በጃሙ ድንኳን ገቡ፤ ከልጆቻቸውም ብዙዎቹ ሂንዲ እየተናገሩ አደጉ። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። የሚያስገርመው ግን ከቤታቸው ያልተነቀሉ ብዙ የስሪናጋር ወላጆችም ለልጆቻቸው በኡርዱ መናገራቸው ነው፤ ትምህርቱም ሥራውም በኡርዱና በእንግሊዝኛ ነበርና። ካሽሚርኛ ከግዛቱ የሥራ ቋንቋዎች አንዱ የሆነው ገና በ2020 ነው። እንግዲህ ቋንቋን የሚያስጥለው ስደት ብቻ አይደለም፤ በራስ ቃል ማፈርም ያስጥላል።

«ቋንቋ እንጀራ አይሆንም» የሚል ወላጅ ክፉ አይደለም፤ ለልጁ እንጀራ መሻቱ ነው። ነገር ግን የልጅ ጭንቅላት አንድ እህል ብቻ የሚይዝ ጎተራ አይደለም። ባለቅኔው ረህማን ራሂ መጀመሪያ በኡርዱ ጻፉ፤ በኋላ ወደ ካሽሚርኛ ተመለሱና የ2004ን የጅናንፒት ሽልማት ከካሽሚርኛ ደራስያን ቀድመው አገኙ። ሊመለሱ የቻሉት የሚመለሱበት ቋንቋ ስለነበራቸው ነው።

ስለዚህ ዕዳው የተናጋሪው እንጂ የልጁ አይደለም እንላለን። ልጅ የተሰጠውን አድጎ ቢተው ምርጫው ነው፤ ያልተሰጠው ግን ምን መረጠ? ተረትና እንቆቅልሽ ደግሞ ራሽን አይጠይቁም፤ ፈቃድም አያሻቸውም። ሳንሰጠው ቀርተን «ልጁ ቋንቋውን ረሳ» ብንል ግፍ ነው፤ ያልሰማውን ማን ይረሳል?