ፈዋሹ ማን ነው?

የሯጭ ተረከዝ ሲታመም የሚነሣው ጥያቄ የሕክምና ብቻ አይደለም፤ ፈውስ ከማን ነው የሚለውም አብሮ ይነሣል። ከቦሌ ተነሥተው በኮተቤ በኩል ወደ ሰንዳፋ ለልምምድ ከሚወጡት አትሌቶች አንዱ ወጌሻ ይጠራል፣ ሌላው ፀበል ይጠመቃል፣ ሁለቱንም የሚይዝም አለ። ሁለቱን ማጋጨት መሠረት የለውም። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምትቀበለው መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪም እንዲከበር ያዝዛል፤ ሕመምተኛው እንዲጸልይም እዚያው ይመክራል።

ወደ ተረከዝ ጅማት የሚደርሰው ደም ጥቂት ስለሆነ ከጡንቻ ይልቅ ቀስ ብሎ ይድናል። ስዊድናዊው ሐኪም ሐካን አልፍሬድሶን ከባልደረቦቹ ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት 15 ታማሚዎች ለ12 ሳምንታት፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ተረከዛቸውን ከደረጃ ጫፍ ላይ ቀስ እያሉ ዝቅ እንዲያደርጉ ተደረገ፤ ቢያማቸውም እንዲቀጥሉ ተነገራቸው። 15ቱም ወደ ሩጫቸው ተመለሱ። ጅማቱን የጠገነው እንግዲህ የባለሙያው እጅ አይደለም፤ ሰውነቱ ራሱ ነው። ፊዚዮቴራፒስቱ ጫናውን ይመጥናል፣ ጊዜውን ይጠብቃል። ይህ ለአማኝም ለተጠራጣሪም የሚከብድ ትሕትና ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «ዘንድሮ አትሩጥ» ማለት ነው፤ እግሩ የአትሌቱ ቢሆንም ቤተሰብም አገርም ይጠብቁታልና። እውነቱን የማይናገር ባለሙያ ግን ታማሚውን አላከመም። ታምሞ መሮጥ ድል ቢያመጣም ዋጋ አለው፤ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 እ.ኤ.አ. በሲድኒ ኦሊምፒክ የታመመ ተረከዙን ይዞ 10,000 ሜትር ሮጠ፤ ተፎካካሪውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ቀደመ። ከውድድሩ በኋላ ጅማቱ በቀዶ ሕክምና ታከመ።