የልብ ምት ምን ይመሰክራል?

ሰው ሲዋሽ ሰውነቱ ያሳብቅበታልን? ያሳብቅበታል የሚል እምነት ጥንትም ነበረ፤ ዛሬም አለ። ዓይኑን ሰበረ፣ ከንፈሩ ደረቀ፣ ፊቱ ተለዋወጠ እያልን ስንቱን ሰው በልባችን ፈርደንበታል! ይህንኑ እምነት በሽቦና በወረቀት አድርጎ ችሎት ፊት የሚያቀርብ ሙያ በውጭው ዓለም ይገኛል። ባለሙያው ተከሳሹን ፖሊግራፍ በሚባለው የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ ይመረምርና «ዋሽቷል» ወይም «አልዋሸም» ብሎ ሊመሰክር ይቆማል። ለመሆኑ እንዲህ ያለው ሰው ሊመሰክር የሚገባው ምንን ነው? ከሚያውቀው አልፎ ቢናገርስ ዕዳው በማን ላይ ይወድቃል?

ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ቀድሞ ሌባ ሻይ የሚባል ልማድ ነበር። ዕቃ የጠፋበት ሰው ሲያመለክት ለአንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ያጠጡታል፤ ልጁ ራሱን ሲስት ወገቡ ላይ በታሰረ መቀነት ተይዞ በየመንደሩ እየተንገዳገደ ይሄዳል። ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ዕዳ ይከፍላል። ከልጁ የሚፈለገው እግሩ ብቻ ነበር፤ ለምን እዚህ ገባህ ቢሉት ምን ብሎ ይመልሳል? ይህ ልማድ በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ በአዋጅ ተከለከለ።

በደጋው አገር ደግሞ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ነበረ። የአካባቢው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ይናገራል፤ ወንጀለኛው እስኪወጣ ድረስ ወደ እርሻው አይመለስም። አድካሚ ነው፤ ግፍም አይጠፋበትም። ቢሆንም እዚያ የሚናገረው ሰው ነው። ሰው ደግሞ ይጠየቃል፣ በላ ልበልሃ ይባላል፣ ይረታል።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1921 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ከተማ ፖሊስ ባልደረባ የነበረው ጆን ላርሰን የደም ግፊትንና ትንፋሽን በአንድነት የሚመዘግብ መሣሪያ ሠራ፤ ኋላም የጣት ላብ ተጨመረበት። መሣሪያው የሚጽፈው እነዚህን ነው። በወረቀቱ ላይ ውሸት የሚባል መስመር የለም፤ ውሸት ነው የሚለው መርማሪው ነው። እንዴት ይለያል ቢሉ፣ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይጠይቃል። አንዱ «በሬውን ሰርቀሃልን?» ነው። ሌላው «ያመነህን ሰው አታለህ ታውቃለህን?» እንደሚለው ያለ፣ ማንንም የሚያሳስብ ነው። ንጹሕ ሰው በሁለተኛው፣ ሌባው በመጀመሪያው ይበልጥ ይደነግጣል ተብሎ ይታሰባል። እንግዲህ ከጉና ተራራ ሥር ተይዞ ደብረ ታቦር የመጣ፣ ቤቱና ልጆቹ በአንድ ቃል ላይ የተንጠለጠሉበት ገበሬ «በሬውን ሰርቀሃልን?» ሲባል ልቡ ቢመታ ምን ይገርማል? በአንጻሩ የአሜሪካ የስለላ ድርጅት ባልደረባ የነበረው አልድሪች ኤምስ ለሶቪየት ኅብረት ምስጢር እየሸጠ እ.ኤ.አ. በ1986 እና በ1991 ተመርምሮ አልፏል። የተያዘው በ1994 ነው።

ሁሉንም ከንቱ ነው ማለት ግን ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የአሜሪካ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ጥናት፣ ሰውየው መሣሪያውን ለማታለል ያልሠለጠነ ከሆነና ጥያቄው ስለ አንድ የታወቀ ድርጊት ከሆነ፣ ምርመራው በዕጣ ከመገመት እጅግ የተሻለ፣ ከፍጹምነትም እጅግ የራቀ መሆኑን ገልጿል። ይህን በአውጫጭኙ ሜዳ እናስላው። 100 ሰው ተሰብስቧል፤ ሌባው 1 ነው። መሣሪያው ከ100 ጊዜ 90 ጊዜ እውነቱን ይናገራል እንበል። ሌባውን ይይዝልናል ብለን ተስፋ ብናደርግ እንኳ ከቀሩት 99 ንጹሓን 10 ያህሉን አብሮ ሌባ ይላል። ከተያዙት 11 ሰዎች ውስጥ ሌባው የትኛው ነው? ሽቦ በሌለው መሣሪያችን፣ ማለት በዓይናችን፣ የማኅበሩ ሣጥን ገንዘብ ጎደለ ተብሎ ፊቱ የተለዋወጠውን ልጅ ስንጠረጥርም ሒሳቡ ያው ነው፤ እንዲያውም ይብሳል።

በፍርድ ቤት ታሪክ የታወቀው የፍራይ ጉዳይ ነው። ፍራይ በነፍስ ግድያ ተከሶ ሳለ ዊልያም ማርስተን የሚባል የሥነ ልቡና ሊቅ በደም ግፊት መርምሮ እውነት ይናገራል አለ። (ይህ ማርስተን ኋላ በሥዕል መጽሔት ላይ ሰውን በገመድ አስራ እውነት የምታናግር ጀግና ሴት የፈጠረው ሰው ነው፤ ምኞቱ ከልቡ አልወጣም ነበር ማለት ነው።) እ.ኤ.አ. በ1923 የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ዘዴው በሙያው ሊቃውንት ዘንድ ገና ተቀባይነት አላገኘም ብሎ ምስክርነቱን ሳይቀበል ቀረ፤ ፍርዱም ጸና። ልብ በሉ፤ ማርስተን የመጣው ሊያድነው ነው። ፍራይ ንጹሕ ከነበረ ይህ መራራ ነው። እኔ ግን ከፍርድ ቤቱ ጋር እቆማለሁ። ዛሬ አንዱን ነፃ የሚያወጣ ወረቀት ነገ ሌላውን ለማሰር ይታመናልና።

በእኛ ሕግ በጉልህ የተጻፈው የባለሙያ ምስክርነት ሌላ ነው። የተከሳሹ አእምሮ የሚያጠራጥር ሲሆን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ አንቀጽ 51፣ ፍርድ ቤቱ ባለሙያ እንዲጠይቅ ያዛል። በአዲስ አበባ ያለው የአማኑኤል ሆስፒታል ሐኪሞች ይህን ምርመራ ያደርጋሉ። በዚያው አንቀጽ ዳኛው የሚገደደው በተረጋገጠ የሳይንስ ግኝት ብቻ እንጂ ባለሙያው ከዚያ ተነሥቶ በሕግ ረገድ በሚሰጠው አስተያየት አይደለም። ሐኪሙ ሕመሙን ይናገራል፤ በደሉን የሚመዝነው ዳኛው ነው። «ዋሽቷል» የሚል መርማሪ ግን ሁለቱንም ወንበር ይይዛል።

ደግሞም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት፣ አንቀጽ 20፣ የተከሰሰ ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም ይላል። ምላሱ ዝም ሲል ልቡን አስገድዶ ማናገር ይህን መጣስ አይደለምን?

ሶስናን ያዳናት ዳንኤል የሽማግሌዎቹን የደም ሥር አልዳሰሰም። ለያይቶ አቁሞ ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት ብሎ አንድ በአንድ ጠየቃቸው፤ ቃላቸውም ተለያየ። መሣሪያውን እንዲህ መጠየቅ አይቻልም፤ መርማሪው ግን ቆሞ ይመልስ። ሰውየው ሌሊቱን ተኝቶ ነበርን? ከመርማሪው ጋር ማን ነበረ? ጥያቄው የተጠየቀው ሰውየው በሚናገረው ቋንቋ ነውን? አንተስ ከመመርመርህ በፊት ሌባ መሆኑን ማን ነግሮህ ነበር?